ለማብላያው የሚገባውን እናሰናዳ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአሸተን ማርያም አካባቢ በሚሠራ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ከእኔ በፊት የቀረቡት ብዙ ብለዋል። ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ ከማጀት የሚወጣ ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የጠላ አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የጓሮ አረም፤ ይህን ሁሉ ለቤት ባዮጋዝ ማብላያ እንዴት አድርገን እንደምናሰናዳው ነው የምናገረው። ርእሱ በዚህ በዓል ላይ ሊነሳ የማይገባው ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖራል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ድንጋይና አሸዋ በአህያ ተግዞ የተሠራ ማብላያ እሳት ይስጥ ወይም ተከድኖ የተረሳ ጉድጓድ ሆኖ ይቅር የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ ትንሽ ነገር ነው።

እንደሚታወቀው ባዮጋዝ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ማብላያ በአምቦ የእርሻ ኮሌጅ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1957 ገደማ ነው። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሃያ አምስት ያህል ዓመታት ውስጥ በመላው አገሪቱ 1000 ገደማ ማብላያዎች ተሠርተው ነበር። ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል ሁኔታቸው ሲጠና 40 በመቶ ያህሉ ሥራ አቁመው ተገኙ። ከዚያ በኋላ በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በጊዜው በነበረው የደቡብ ክልል የተስፋፋው ንድፍ ከኔፓል የመጣ ሲሆን፣ ለእኛ አገር እንዲስማማ ተሻሽሎ «ስንዱ» ተብሏል። ስሙን ያወጣው ሰው ይመስገን። ጉድጓዱ ስንዱ ነው፤ የሚቀረው የሚበላውን ማሰናዳት ነው።

ፕሮግራሙ የታሰበው በከብት እበት ላይ ነበር። ለዚህም ነው ቢያንስ 4 ከብት ያለው አባወራ ወይም እማወራ ይመረጥ የነበረው። በእኛ በላስታ ደጋ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ግጦሹ ጠቧል፣ ብዙው ሰው ያለው በሬ አንድ ነው፤ ካለውም ጋር በጎች። ያለውም እበት ለሦስት ነገር ይፈለጋል። ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር ይነዳል፣ ለማሳ ይበተናል፣ ለማብላያ ይባላል። ስለዚህ እበቱ ሲያንስ ሰዉ ያገኘውን ሁሉ ማብላያው ውስጥ መጣል ይጀምራል። አንዳንዱ ጭድ ይጨምራል፣ አንዳንዱ የድግስ ትርፍ በአንድ ጊዜ ይደፋበታል። ከወር በኋላ ጋዙ ይጠፋና «ይህ ነገር ለእኛ አገር አይሆንም» ይባላል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከአገሩ አይደለም።

እዚህ ላይ እናቶቼ ከእኔ በላይ የሚያውቁትን ነገር ላንሳ። ሊጥ ስታቦኩ ዱቄቱ ብቻውን አይቦካም። እርሾ ይገባበታል። እርሾው ጥቂት ሆኖ ዱቄቱ ቢበዛ ሊጡ እንዳሰባችሁት አይሆንም። ማብላያም ቡሃቃ ነው። እበቱ ምግብም እርሾም ነው፤ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የማጀት ትርፍራፊ ግን ምግብ ብቻ እንጂ እርሾ የለውም። በማብላያው ውስጥ ሥራው በሁለት ወገን ይከናወናል። የመጀመሪያዎቹ ተሕዋስያን ምግቡን ወደ ኮምጣጣ ነገር ይለውጡታል፤ እነዚህ ፈጣኖች ናቸው። ሁለተኛዎቹ ያንን ኮምጣጣ ወደሚነድ ጋዝ፣ ማለትም ወደ ሚቴን ይለውጡታል፤ እነዚህ ዝግተኞችና ቶሎ የሚጎዱ ናቸው። ምግቡ ከልክ ካለፈ የመጀመሪያዎቹ ይቀድማሉ፣ ኮምጣጣው ይከማቻል፣ ሁለተኛዎቹ ይሞታሉ። እንጀራ ቢኮመጥጥ ያው ይበላል። የኮመጠጠ ማብላያ ግን አይነድም።

ታዲያ ለምን የማጀቱን ነገር እንጨምራለን? ጉልበት ስላለው ነው። አንድ ኪሎ እርጥብ የከብት እበት በደኅና ሙቀት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። አንድ ምድጃ ደግሞ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ይጨርሳል። ሌሊት በረት ያደሩ ከብቶች 15 ኪሎ እበት ቢያስገኙ 600 ሊትር ጋዝ ነው፤ ምድጃውን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያነደዋል። እበት ከብቱ በልቶት ጉልበቱን የወሰደለት ነገር ነው። የእህልና የአትክልት ትርፍራፊ ግን ያልተነካ ስለሆነ በኪሎ ከእበት ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ጋዝ ሊሰጥ ይችላል። 3 ኪሎ የተሰናዳ ትርፍራፊ ብንጨምር ወደ 300 ሊትር እናገኛለን ማለት ነው። ቡና ይፈላበታል፣ ሽሮ ይሠራበታል። ይህ ሒሳብ የሞቃት አገር ሒሳብ መሆኑን ልብ በሉ፤ በእኛ ብርድ ከዚህ ያንሳል። ደግሞም ተራው የባዮጋዝ ምድጃ እንጀራ አይጋግርም። ለባዮጋዝ የሚሆን ምጣድ ተሞክሯል፤ ነገር ግን ብዙ ጋዝ ይፈልጋል። ስለሆነም ባዮጋዝ ማገዶን ፈጽሞ ያስቀራል ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ አትቀበሉት። የወጡን፣ የቡናውንና የሻዩን ማገዶ ይቀንሳል። እሱም ቢሆን ለተሸካሚዋ ቀላል አይደለም።

ወደ ማሰናዳቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። በየቤቱ ስዞር «እንጀራን ከእበት ጋር መቀላቀል ነውር አይደለም ወይ?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ። የጠየቁኝም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው እላለሁ። እህል ክቡር ነው፤ የሚበላ እህል ለማብላያ አይሰጥም። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ሰው የሚበላው ለሰው ነው፤ የተረፈው እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፣ ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። ቀጥሎ ከብት፣ አህያና ዶሮ የሚበሉት ለእነሱ ይሰጣል። ጥሩ አተላ ላሟ እያለች ማብላያ ውስጥ የሚደፋ ሰው ካለ ሒሳብ አያውቅም፤ ላሟ ወተትም እበትም ትሰጠዋለች። ለማብላያው የሚቀረው ሰውም እንስሳም የማይበላው፣ የሻገተው፣ የተበላሸው፣ ልጣጩና ግንዱ ነው። ይህ ካልተወሰደ ከአጥር ጥግ ተጥሎ ዝንብና ውሻ ነው የሚሰበስበው።

አሁን ወደ ሥራው። ሁሉም የሚጀምረው ማጀት ውስጥ ነው። ክዳን ያለው ባልዲ ለማብላያው ለብቻው ይለይ። በዚያ ባልዲ ውስጥ ፌስታል፣ አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ጠጠርና ፀጉር አይገባም። ሳሙናና ኦሞ የነካው የዕቃ እጣቢም አይገባም፤ በረኪናማ ፈጽሞ። ልብስ ላይ ያለውን ጀርም የሚገድል ነገር ማብላያ ውስጥ ያለውንም ይገድላል። ድስት በአሸዋ የታሸበት ውኃም እንዲሁ ይወገድ። አሸዋው አይበላም፣ አይወጣም፣ ከታች እየተቀመጠ በየዓመቱ የማብላያውን ሆድ ይሞላዋል። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ ብዙ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ቢቀር ይሻላል፤ ጥቂቱ አይጎዳም። ከብት መድኃኒት በተወጋ ሰሞን የጣለው እበትም ለጥቂት ቀናት ወደ ማሳ እንጂ ወደ ማብላያ አይሂድ።

ቀጥሎ መክተፍ ነው። ተሕዋስያኑ ጥርስ የላቸውም፤ የሚበሉት ከላይ እየላሱ ነው። አንድ ሙሉ ድንች ወር ሙሉ ሊቆይ ይችላል፤ ያው ድንች ቢከተፍ ግን በቀናት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ ይሁን። የጎመን ግንድና የካሮት ራስ ጠንካራ ስለሆነ በአሮጌ ሙቀጫ መውቀጥ ከመክተፍ ይቀላል። እዚህ ላይ ለወንዶች ወንድሞቼና አባቶቼ አንድ ነገር ልበል። ማብላያው የተሠራው የሴቶችን ሸክም ያቀላል ተብሎ ነው። እንጨት ከመልቀም የተረፈችው እናት ያንኑ ጊዜ ልጣጭ ስትከትፍ የምትውል ከሆነ ምኑን አቀለልንላት? ሙቀጫው በረት አጠገብ ይቀመጥ፤ በረት የሚጠርገው ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እዚያው ወቅጦ ይጨርሰው።

የተከተፈው ወዲያው አይገባም። አናቱ በተቆረጠ ጀሪካን ወይም በትንሽ በርሜል ውስጥ ይደረግና ውኃ እስኪሸፍነው ተሞልቶ፣ ተከድኖ ፀሐይ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል። ይለሰልሳል፣ መቡካት ይጀምራል፣ ሽታውም ይለወጣል። ጥቁር ጀሪካን ከተገኘ ሙቀት ስለሚይዝ የተሻለ ነው። ከአምስት ቀን በላይ ማቆየት አይመከርም፤ ጋዝ ሊሆን የሚገባው እዚያው በርሜሉ ውስጥ እየተነነ ይጠፋል፣ ዝንብም ይራባበታል። ከዚያ ከእበቱ ጋር በመቀላቀያው ገንዳ በደንብ ይታሻል። የሚንጠለጠል ጭረት በእጅ ይለቀማል። የድብልቁ ልክ ምጣድ ላይ ሊፈስ ከደረሰ ሊጥ ትንሽ ቀጠን ያለ ይሁን። ለእበት በመደበኛው አንድ እጅ እበት ለአንድ እጅ ውኃ ነው። የተነከረው ነገር ግን ራሱ ውኃ ይዞ ስለሚመጣ የመንከሪያውን ውኃ ከዚያ ላይ መቀነስ ያስፈልጋል። ውኃ ከምንጭ በእንስራ ለሚቀዳ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከማብላያው የሚወጣውን ቀጭን ፈሳሽ መልሶ ለመቀላቀያ መጠቀምም ይቻላል፤ ከውኃው ግማሽ ያህሉን ሊተካ ይችላል። እርሾም ይዞ ይመለሳል።

የጓሮው ነገር ከማጀቱ ይለያል። ዘር ሳይቋጥር የተነቀለ ለጋ አረም፣ የጎመን የውጭ ቅጠል፣ የባቄላ ገለባው ሳይደርቅ ያለው ልጣጭ፣ እነዚህ ተከትፈው ከተነከሩ ይሆናሉ። አገዳ የሆነው፣ ጭዱ፣ የደረቀው ሣር ግን እንዳለ ከገባ በጋን ውስጥ እንዳለ ድፍድፍ ከላይ ይንሳፈፋል። ቅርፊት ይሠራል፣ ጋዙን ከሥሩ አፍኖ ያስቀራል፣ መውጫውንም ይደፍናል። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የገጠር ማብላያዎች ሲሠሩ አገዳ ከእበት ጋር ይጨመር ነበር። የቻይና ገበሬዎች ግን አገዳውን ቆራርጠው፣ ክምር አድርገው፣ አበስብሰው ነበር የሚያስገቡት። እኛም የግድ ካስፈለገን ቆራርጠን፣ ከማብላያው በሚወጣው ፈሳሽ አርሰን፣ በኬሻ ሸፍነን አሥር ቀን ያህል እናቆየው፤ መሐሉ ላይ አንድ ጊዜ እናገላብጠው። ጠቆር ብሎ በእጅ ሲጨመቅ ከላላ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን ጭድ ከብቱ ይብላው፤ ለማብላያ ማባከን ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርንጫፍም አይገባም። ዘይቱ ተሕዋስያኑን ይጎዳል፣ እንጨቱ አይበላም።

መጠኑን በተመለከተ አዲስ ማብላያ በእበት ብቻ ይጠንሰስ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ሳይቋረጥ መንደድ ሲጀምር ነው ትርፍራፊ የሚሞከረው። ያኔም ለ10 ኪሎ እበት 1 ኪሎ ተጨምሮ ሳምንት ይታይ። ደኅና ከሆነ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨመር፤ ከእበቱ ሩብ በላይ ግን አይለፍ። በየቀኑ ጥቂት መስጠት በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ከመስጠት ይሻላል።

በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ ዶክተር አናንድ ካርቬ የመሠረቱት አርቲ የተባለ ድርጅት በማጀት ትርፍራፊና በተበላሸ እህል ብቻ የሚሠራ ትንሽ ማብላያ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሽደን ሽልማትን አግኝቷል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወጣቶች «እኛስ እበቱን ለምን አንተወውም?» ይሉኛል። ፑኔ ሞቃት አገር ናት። ተሕዋስያኑ በጣም የሚመቻቸው 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ15 በታች ሥራቸው እጅግ ይዘገያል፣ ከ10 በታች ከሞላ ጎደል ይቆማል። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሸተን ማርያም ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ። እኛ ዘንድ እበቱን ትቶ በትርፍራፊ ብቻ መሥራት አልመክርም። ከገዳሟም በላይ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ላሉ ቤቶች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማብላያ ከመቆፈር የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ ይቅደም እላለሁ። ለቀበሌ ኮታ ሲባል ብቻ እዚያ ጉድጓድ ማስቆፈር ትክክል አይመስለኝም።

ብርዱን ፈጽሞ ባናሸንፈውም እንቀንሰዋለን። ማብላያውን ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ አትመግቡ። የጠዋት ውኃ እንደ በረዶ ነው። ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ውሎ እኩለ ቀን ሲሆን ይቀላቀል። በጉልላቱ ላይ ኮምፖስት ወይም ገለባ ቢከመርበት ሌሊቱን ይከላከልለታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሲበረታ ጋዙ ያንሳል፤ ያኔ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ምግብ መጨመር ነው። መደረግ ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። በብርድ ጊዜ የሚበላው ጥቂት ስለሆነ ትርፍራፊውን ቀንሱለት።

ከብርዱ ቀጥሎ ማብላያን የሚጎዳው ድግስ ነው። በ21 የማርያም ማኅበር አለ፣ ገና አለ፣ ፋሲካ አለ። በአንድ ቀን ብዙ አተላ፣ ብዙ ትርፍራፊ ይገኛል። ባለፈው ዓመት ከማኅበር ማግስት ተጠርቼ የሄድኩበት ቤት የማብላያው ምድጃ ፉጨት ያሰማል፣ ጋዝም ይወጣል፣ ክብሪት ሲለኮስ ግን ይጠፋል። የቤቱ እመቤት «ጋዙማ ጨምሯል፣ እሳቱ ነው የጠፋው» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ሁለት ቀን ያደረ አተላ በባልዲ በባልዲ ገብቶበት ነበር። ማብላያው ሲኮመጥጥ ጋዙ በመጠን ሊበዛ ይችላል፤ ነገር ግን የማይነደው የጋዝ ዓይነት ነው። ከመውጫው የሚወጣው ፈሳሽም የሆምጣጤ ዓይነት ሽታ ያመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። ትርፍራፊው በሙሉ ይቁም። ለሁለት ሳምንት ያህል ጥቂት እበት ብቻ ይሰጠው። ከጎረቤት ደኅና ከሚሠራ ማብላያ የወጣ ፈሳሽ አንድ ሁለት ባልዲ ቢጨመርበት እርሾ እንደ መበደር ነው። የተነፋ አመድ በውኃ በጥብጦ በእፍኝ ልክ መጨመርም ይረዳል፤ ማብዛት ግን ሌላ ጉዳት ያመጣል። በዚያ ቤት በሦስተኛው ሳምንት ምድጃው ነደደ።

ከድግስ ቀን አንድ ሳይባክን ሊወሰድ የሚገባው ነገር አለ፤ እሱም ፈርስ ነው። በግ ወይም በሬ ሲታረድ ፈርሱ ከአጥር ውጭ ይደፋል። ይህ ግን ከብቱ ራሱ አኝኮ፣ አልሞ፣ እርሾ ጨምሮበት ያሰናዳው ነው። እኛ ሁለት ቀን የምንደክምበትን ሥራ ሆዱ ጨርሶልናል። በዚያው ቀንና በማግስቱ ከፋፍሎ ከእበት ጋር ማስገባት ነው። ደሙና ጮማው ግን አይብዛ።

ስለ ጥንቃቄ ባጭሩ፤ የማብላያው መግቢያም መውጫም ሁልጊዜ ይከደን፣ ሕፃናትና ጥጃ ይገቡበታልና። ጋዝ ያፈሰሰ የመሰላችሁን መገጣጠሚያ በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አትፈትሹ። ለማጽዳት ብሎ ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ።

ለተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች ሁለት ነገር አለኝ። በሪፖርታችን ላይ «የተሠራ ማብላያ» የሚል ዓምድ አለ። ከጎኑ «ዛሬ እየነደደ ያለ» የሚል ሌላ ዓምድ ይጨመርልን። ቁጥሩ ሲያንስ ልናፍር እንችላለን፤ ነገር ግን የትኛው ቤት ሄደን መርዳት እንዳለብን እናውቃለን። ሁለተኛው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። አንድ የጋዝ መክፈቻ ወይም አንድ ክንድ ጎማ ሲበላሽ ሰው ወልድያ ወይም ደሴ ድረስ መሄድ የለበትም። ዩኒየናችን ማዳበሪያ ያከማቸበት መጋዘን ጥግ ላይ እነዚህን በትንሽ ሣጥን ቢያስቀምጥ ቦታ አይጠብበትም። ከማብላያው የሚወጣው ፈሳሽ ጥሩ ማዳበሪያ መሆኑን ደግሞ ለዩኒየኑ አባላት መንገር አያስፈልገኝም። ጥላ ሥር ተጠራቅሞ ወደ ድንችና ጎመን ይሂድ፤ ፀሐይ ላይ ከተወ ጉልበቱ ይተናል።

ከአዳራሹ ጀርባ ሁለት በርሜል አስቀምጫለሁ። አንዱ ከትናንት ወዲያ ተከትፎ የተነከረ የድንችና የጎመን ልጣጭ ነው፤ ሁለተኛው ያልተከተፈ፣ በዚያው ቀን የተነከረ። ከምሳ በፊት መጥታችሁ በዱላ አማስሉትና ልዩነቱን እዩት። ሙቀጫም አለ፤ መውቀጥ የሚፈልግ ወንድ ካለ ይቅደም። ሽታውን ለመቻል ነጠላችሁን አፍንጫችሁ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል።